ፕሮፌሰሩን ከክፍሉ ያስወጣችው ጸሐፊ

ጊዜው የ1960ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። ቦታው ቦስተን አጠገብ የሚገኘው፣ ኤምአይቲ እየተባለ የሚጠራው ታዋቂ የቴክኖሎጂ ተቋም። አንዲት ጸሐፊ የጽሕፈት መኪና ከሚመስል ነገር ፊት ተቀምጣለች። ዕቃው በሽቦ ከአንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። እሷ ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩ ይመልሳል። አለቃዋ ፕሮፌሰር ጆሴፍ ዋይዘንባም አጠገቧ ቆሞ ያያል። ጥቂት ከተመላለሱ በኋላ ጸሐፊዋ ቀና አለችና ፕሮፌሰሩን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው።

ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ፕሮፌሰሩ ያንን ፕሮግራም ሲጽፍና ሲያርም ወራት ሙሉ ስታየው የከረመች ናት። ከማሽኑ ጀርባ ማንም እንደሌለ በደንብ ታውቃለች። ሆኖም ልትጽፍለት የፈለገችው ነገር ሰው ፊት የሚጻፍ አልነበረም።

ዋይዘንባም ወጣላት። ከዚያ በኋላ በሕይወት በቆየባቸው አርባ ምናምን ዓመታት ግን ያ ነገር ከልቡ አልወጣም።

ታሪኩን ካነበብኩት ቆይቷል። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር ያለፍኩት። ዘንድሮ ግን የኔም ቤት ገባ።

ታናሽ እህቴ ከሥራ ከወጣች ሦስት ወር እንዳለፋት ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ሦስት ወር! በነዚያ ወራት እሑድ እሑድ እናታችን ቤት ተሰብስበን ቡና ጠጥተናል። «ሥራ እንዴት ነው?» ስላት «ይመስገን» ትለኝ ነበር። ነገሩ ከተሰማ በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ተቆጣሁ። ዝም አለች። ቆየት ብላ «ለስልኬ ነግሬዋለሁ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። ማታ ማታ ሁሉ ሰው ሲተኛ፣ ከነዚህ ከሚያወሩት ፕሮግራሞች ከአንዱ ጋር እየተጻጻፈች ነው ያንን ጊዜ ያሳለፈችው። ጥቂቱን አሳየችኝ። አይዞህ፣ ጠንካራ ነህ፣ ይህ ያልፋል ይላታል። አዎ፣ እህቴን ሦስት ወር ሙሉ «አንተ» እያለ ነው ያጽናናት። «መጀመሪያ ሰሞን አርመው ነበር» አለችኝ፤ «ኋላ ተውኩት።»

እውነቱን ልናገር፤ ምክሩ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም እኔ ልሰጣት ከምችለው ይሻል ነበር። እኔ ብሆን መጀመሪያ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብዬ እጠይቃት ነበር። ማሽኑ አልጠየቃትም። አልተቆጣም፣ ለእማማ አልተናገረም፣ አልሰለቸም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው። የሁለተኛው ወር የቤት ኪራይ ሲያስጨንቃት እኔ ዘንድ ብር ነበር።

ለዚህ ነው ወደ ሰውየው የተመለስኩት።

ዋይዘንባም በ1923 በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከእንስሳት ፀጉራም ቆዳ ካፖርት የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ልጁ ገና አሥር ዓመቱ ነው፤ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ወጥቶ የአይሁድ ልጆች ብቻ ወደሚማሩበት ተዛወረ። በ1936 ቤተሰቡ አገሩን ጥሎ አሜሪካ፣ ዲትሮይት ገባ። ቋንቋውን ለማያውቅ የ13 ዓመት ስደተኛ ከትምህርቶች ሁሉ የሚቀለው ሒሳብ ነው፤ ቁጥር የትም አገር ቁጥር ነው። ሒሳብን ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ በአየር ትንበያ ሥራ አገለገለ፤ ተመልሶም በዌይን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው ኮምፒውተር ከሚገነቡት ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ሱቅ ሄደው የሚገዙት ዕቃ አልነበረም፤ የፈለገ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሰብስቦ ራሱ ይገጣጥማል።

ቀጥሎ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቀጠረው። ለባንክ ኦፍ አሜሪካ ቼክ እያነበበ ሒሳብ የሚያወራርድ፣ ኤርማ የተባለ ሥርዓት ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ሆነ። በቼክ ግርጌ በመግነጢሳዊ ቀለም የሚታተሙት እነዚያ እንግዳ ቅርጽ ያላቸው ቁጥሮች የዚያ ሥራ ትሩፋት ናቸው። ይህችን የባንክ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በ1963 ኤምአይቲ ገባ። ስሙን ያስጠራችውን ኢላይዛን የሠራት እዚያ ነው፤ በጥር 1966 ስለ እሷ የጻፈው ጥናት ታተመ። ስያሜዋ በርናርድ ሾው ፒግማልዮን በተባለው ተውኔቱ ውስጥ ካስቀመጣት አበባ ሻጭ ልጅ የመጣ ነው፤ እንደ ጨዋ ሰው መናገር እየተማረች የምትሄደው ልጅ። ስያሜው ውስጥ የፕሮፌሰሩ ፈገግታ አለበት፤ ልጅቷ አነጋገሩን ትማራለች እንጂ ጨዋ ሰዎቹን አትሆንም።

ኢላይዛ እንዴት ነበር የምትሠራው? ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ፕሮፌሰሩ የደነገጠው። የጻፍክላትን ዓረፍተ ነገር ትቀበልና የምታውቀው ቃል ይገኝበት እንደሆነ ትፈልጋለች። ካገኘች ዓረፍተ ነገሩን ሰባብራ፣ «እኔ» ያልከውን «አንተ» አድርጋ፣ ቀድሞ በተዘጋጀ ቅርጽ መልሳ ትገጥመዋለች። ካላገኘች «እሺ፣ ቀጥል» ዓይነት መልስ ትሰጣለች፤ አለዚያም ቀደም ብለህ ስለራስህ የተናገርከውን ታነሣብሃለች። በእኛ ቋንቋ ቢሆን እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፦

— ሰሞኑን ደክሞኛል።
— ሰሞኑን የደከመህ ለምን ይመስልሃል?
— እናቴ አትረዳኝም።
— እስቲ ስለ ቤተሰብህ ትንሽ ንገረኝ።

«እናት» የሚለው ቃል «ቤተሰብ» የሚለውን መልስ ቀሰቀሰ፣ አለቀ። እናት ምን እንደሆነች፣ ድካም ምን እንደሚመስል ማሽኑ አያውቅም። ዋይዘንባም ከተለያዩ ሚናዎች የሥነ ልቦና አማካሪን የመረጠላትም ለዚሁ ነው። የካርል ሮጀርስን መንገድ የሚከተሉ አማካሪዎች ሕመምተኛው የተናገረውን መልሰው ለራሱ ያቀርቡለታል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ዓለም ምንም ባያውቅ ማንም አይነቃበትም። ሌላ ሰው «ትናንት ባሕር ዳር ሄጄ ነበር» ስትለው «ስለ ባሕር ዳር ንገረኝ» ቢልህ አላዋቂ ትለዋለህ፤ አማካሪ ሲልህ ግን ጥልቅ ነገር የፈለገ ይመስልሃል።

(በነገራችን ላይ ኢላይዛ አማርኛ ብትሆን ኖሮ ገና ከጅምሩ ትጋለጥ ነበር። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራል። በእኛ ቋንቋ «ደክሞኛል» ላለ ሰው ለመመለስ «ደክሞሃል» ነው፣ «ደክሞሻል» ነው ወይስ «ደክሞዎታል» የሚለውን ማወቅ ግድ ነው። አማርኛ ከማን ጋር እንደሚያወራ ለማያውቅ አይመችም። የዛሬዎቹ ማሽኖች ግን አይጠይቁም፤ «አንተ» ብለው ይጀምራሉ።)

ጸሐፊዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ዋይዘንባም ስቆ ያልፈው ነበር። ግን ነገሩ ተደጋገመ። ኢላይዛ የምትሠራበትን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ልባቸውን ከፈቱላት። አንድ ቀን ሰዎች ከኢላይዛ ጋር ያወሩትን ሁሉ እያስቀመጥኩ ለጥናት ላየው ነው ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ያን ጊዜ የቁጣ ናዳ ወረደበት። የልባችንን ምሥጢር ልትሰልል ነው አሉት። እነዚህ ሰዎች ከማሽን ጋር እያወሩ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ግን ያወሩትን ሰው ሊያየው መሆኑን ሲሰሙ ተቆጡ። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እኛ ዛሬ ያንን ቁጣ እንኳ አጥተነዋል። የጻፍነው ሁሉ በአንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀመጥ የሚነግረንን ረጅም ጽሑፍ ሳናነበው «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነን እንገባለን።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው። በስታንፎርድ የነበረው ኬኔት ኮልቢ የተባለ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በዚያው በ1966 በጻፉት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቢዳብር የሥነ ልቦና ሕክምና በማሽን መስጠት እንደሚቻልና አንድ ኮምፒውተር በሰዓት ብዙ መቶ ሕመምተኞች ሊያስተናግድ እንደሚችል ገለጹ። የሐኪም እጥረት ስላለ ለሆስፒታሎች ይጠቅማል የሚል ነው ክርክራቸው። ዋይዘንባም ጠየቀ፤ አንድ ሐኪም ሥራዬን ማሽን ሊሠራው ይችላል ካለ፣ እስከ ዛሬ ሕመምተኛው ፊት ተቀምጦ ምን እየሠራ ነበር ብሎ ያስባል?

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የእጥረቱ ክርክር ለእኛ ቀላል አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ሲሉ የአእምሮ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ጋ መሄድ የሚያፍር አለ። ለጓደኛ የተነገረ ነገር ነገ ሰፈር ያዳርሳል። ሪያድ ወይም ኩዌት ውስጥ በር ተቆልፎባት የምትሠራ እህታችን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲከፋት ለማን ታውራ? ለዚህች ልጅ «ማሽን አትመኚ» ብሎ ከዋይዘንባም መጽሐፍ እያጣቀሱ መስበክ ድፍረት ነው። እኔ አልልም። ስልኳ ያንን ሌሊት ካሳለፈላት ያሳልፍላት።

ግን ዋይዘንባም ለዚህም መልስ ነበረው፤ መልሱም ከባንኩ ሥራ የመጣ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቼክ ብዛት እያደገ ሄዶ ባንኮች በሰው እጅ መቆጣጠር ወደማይችሉበት ደረጃ እየደረሱ ነበር። ኮምፒውተር ባይመጣ ኖሮ አንድ ነገር መለወጥ ነበረበት፤ ምናልባት ግዙፎቹ ባንኮች ወደ ትናንሽ መከፋፈል፣ አሠራራቸውን ከሥር መቀየር። ኮምፒውተሩ ግን ልክ በሰዓቱ ደረሰ። ደርሶም ያለውን እንዳለ አቆየው። ዓለም ሁሉ አብዮት ነው ሲል፣ ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ሰው ኮምፒውተር ከጥንቱም ያለውን ጠባቂ ነው አለ። መለወጥ የነበረበትን አሮጌ ነገር በአዲስ ጉልበት ያቆመዋል።

ይህን ሐሳብ ሳነብ ስለ ባንክ አላሰብኩም። የእናቴ ቤት ቡና ነው የታየኝ። እህቴ ያንን ሁሉ ብቻዋን መሸከም ቢያቅታት ኖሮ አንድ እሑድ ትናገር ነበር። ታለቅስ ነበር፤ እኔም ያንን የተለመደ ቁጣዬን እቆጣና ኋላ ላይ አፍር ነበር። እናታችንም «ልጄ» ብላ ትነሣ ነበር። ማሽኑ ልክ በሰዓቱ ደረሰላትና ሸክሟን ለእሑድ የሚበቃ ያህል ብቻ አቀለለላት። «ይመስገን» ለማለት የሚበቃ ያህል። የቤታችንን ዝምታ፣ የኔን ቁጣ፣ «ሰው ምን ይላል» የምንለውን ሁሉ እንደነበረ አቆየልን።

ወደ አገር ስፋት ስታወጡት ደግሞ የበጀት ጉዳይ ይሆናል። ነገ አንድ ባለሥልጣን «የሥነ ልቦና ባለሙያ ማሠልጠን ለምን ያስፈልጋል? ፕሮግራሙ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሠራል» ቢል ማን ይከለክለዋል? እጥረቱ ችግር መሆኑ ይቀርና ምክንያት ይሆናል። ሀብታሙ ሰው ዘንድ ይሄዳል፣ ድሃው ስልኩ ዘንድ።

በ1976 ዋይዘንባም ይህን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አወጣው። ኮምፒዩተር ፓወር ኤንድ ሂውማን ሪዝን ይባላል፤ የንዑስ ርዕሱ ሐሳብ ወደ እኛ ሲመለስ «ከፍርድ ወደ ስሌት» ማለት ነው። በአማርኛ «ፍርድ» የሚለው ቃል ሰውየው ሊል የፈለገውን ከእንግሊዝኛው በተሻለ ይይዝለታል ባይ ነኝ። ፍርድ የችሎት ብቻ አይደለም፤ ሰው በልቡ የሚያመዛዝነው፣ ሰጥቶትም የሚጠየቅበት ነገር ነው። ዋይዘንባም በሁለት ነገሮች መካከል መሥመር አሰመረ። አንደኛው ውሳኔ ነው፤ ደንቡ ከተሰጠ ስሌት የሚደርስበት። ሌላው ምርጫ ነው፤ አንድ ሰው ሰው ሆኖ፣ የኖረበትን ይዞ፣ ኃላፊነቱን ተሸክሞ የሚያደርገው። ኮምፒውተር ወደፊት ምን ያህል እንደሚራቀቅ አልተከራከረም፤ ገደብ አላደረገበትም ማለት ይቻላል። ጥያቄው «ይችላል ወይ?» አልነበረም። ቢችልም እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ነው ያለው። ጥበብን የሚጠይቅ ሥራ ጥበበኛ ልናደርገው ላልቻልነው ነገር አይሰጥም።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የምንለውን ስያሜ በእንግሊዝኛ ያወጣው ጆን ማካርቲ በአንድ ክርክር ላይ፣ ዳኛ የሚያውቀው ግን ለኮምፒውተር ሊነገረው የማይቻል ምን ነገር አለ ብሎ ጠይቆት ነበር። ለማካርቲ መልሱ ምንም የለም ነው። ለዋይዘንባም ጥያቄው ራሱ ነውር ነበር። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ትዝ ይሉኛል። ባልና ሚስት ሊያስታርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ የሚናገረውን ቃል ሁሉ ጽፋችሁ ለማሽን ልትሰጡት ትችላላችሁ። ማሽኑም ያንኑ ቃል፣ ምናልባትም በተሻለ አማርኛ፣ ይናገረዋል። ነገር ግን ሽማግሌው ነገ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። ዕርቁ ከፈረሰ ያፍራል፤ ማታ እንቅልፍ ያጣል። ባልየው ሚስቱን ዳግም ከመታት ማን ፊት እንደሚቀርብ ያውቃል። የሽማግሌው ቃል ክብደቱ እዚያ ላይ ነው።

ማካርቲ ዝም አላለም። በዚያው ዓመት ምክንያተ ቢስ መጽሐፍ ነው የሚል ርዕስ የሰጠው ጠንካራ ሒስ ጻፈበት፤ ስብከት ይበዛዋል፣ ወጥነት የለውም አለው። የማካርቲን ሒስ ሳነብ በከፊል ተስማምቻለሁ፤ ዋይዘንባም መሥመሩ የት እንደሚያልፍ ሁልጊዜ በግልጽ አይናገርም። ስብከቱም አንዳንዴ ይበዛል። የተሳሳተበትም አለ። ንግግር ሰምቶ የሚረዳ ኮምፒውተር የሚባለውን ምርምር አጥብቆ ተቃውሟል፤ ውድ ስለሚሆን የሚጠቀምበት መንግሥት ብቻ ነው፣ የሚጠቀምበትም የሰውን ስልክ ለመጥለፍ ነው የሚል ነበር ሥጋቱ። ዛሬ ያ ቴክኖሎጂ በየኪሳችን አለ፤ ዓይነ ስውር ወዳጄ መልእክቱን የሚጽፈው በእሱ ነው። ይህን ዋይዘንባም አላየውም። የስልክ ጠለፋውን ግን አልተሳሳተም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልከራከራችሁም።

ሰውየውን ይህን ያህል ያስጨነቀው ምንድን ነው? ከበርሊን የወጣውን ልጅ ማስታወስ ያስፈልጋል። «እኔ ሙያዬን ብቻ ነው የሠራሁት» የሚል የተማረ ሰው ምን ሊያደርስ እንደሚችል በልጅነቱ ያየ ነው። ኤምአይቲ በቬትናም ጦርነት ዘመን ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ብዙ ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ነበር፤ ኢላይዛ ራሷ የተሠራችው የሚኒስቴሩ የምርምር ክንፍ በሚደግፈው ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ዋይዘንባም ጦርነቱን ተቃወመ። ባልደረቦቹንም እጃችን ከሠራው ነገር ራሳችንን ነጥለን ማየት አንችልም አላቸው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሚናገረው ለኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ነው፦ አሠልጣኝ ብቻ አትሁኑ ይላል። ድፍረትም የሚለካው በታላላቅ ክንውኖች ብቻ አይደለም፤ ለዕድገቴ ምን ይሆን፣ አለቃዬ ምን ይለኝ ይሆን የሚለውን ትንሿን ፍርሃት ማሸነፍም ድፍረት ነው ይላል። በየዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ ስንት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እናስመርቃለን፤ ኮድ ከመጻፍ ውጭ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አንድ ኮርስ የወሰደ ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ያገኘኋቸው አልወሰዱም።

ከዚያ ወዲህ ዋይዘንባም በሙያው ሰፈር እንደ ልብ የሚደመጥ ሰው አልነበረም። ገንዘቡም ክብሩም ማሽኑን ብልህ አደርጋለሁ ከሚለው ጋር ነበር። በ1996 ወደ በርሊን ተመለሰ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ከልጅነት ሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ። የተባረረበት ከተማ መልሶ ሰማው። አዳራሽ ሞልቶ ያዳምጠው ነበር፣ ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት። በመጋቢት 2008 እዚያው በርሊን አቅራቢያ አረፈ። ኢላይዛን የሚያስንቁት ማሽኖች ስልካችን ውስጥ ሲገቡ አላየም።

ኢላይዛ ግን ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለረጅም ዘመን ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ በ2021 ከኤምአይቲ መዛግብት፣ ከፕሮፌሰሩ ወረቀቶች መካከል ተገኘ። ተመራማሪዎች በ2024 መጨረሻ ላይ የዚያን ዘመን ኮምፒውተር በሚያስመስል ሥርዓት ላይ መልሰው አስነሡት። ሠራ። ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረች። ጠቅላላ ነገሩ ጥቂት መቶ መሥመር ነው።

ያለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። እናታችን ጀበናውን ጥዳ ወደ ጓዳ ገብታለች። እህቴ አሁን ሥራ ይዛለች፤ ደመወዙ ከበፊቱ ያንሳል። ስለ ናዚውም፣ ስለ ባንኩም፣ ስለ ማካርቲም ስነግራት በጨዋነት ሰማችኝ። ጸሐፊዋ ላይ ስደርስ ነው ዓይኗ የበራው።

«ምን ነበር የጻፈችለት?» አለችኝ።

እንደማይታወቅ ነገርኳት። ፕሮፌሰሩ በመጽሐፉ ያንን አልጻፈም፤ ስሟንም አልጠቀሰም። ወጣላት፣ በሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግረን የለም።

«ጎበዝ» አለች እህቴ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስኒውን ተቀበለችኝና ስለ ኪራዩ አወራን።